እ.ኤ.አ. 2023ን ለመረዳት፦ ዕለታዊ ዜና ወይስ የዓመቱ ማጠቃለያ?

የአንድን ዓመት የዓለም ክስተቶች ለማወቅ ዜናን በየቀኑ መከታተል ይሻላል ወይስ በዓመቱ መጨረሻ የሚወጣውን ማጠቃለያ ማንበብ? እ.ኤ.አ. 2023ን እንውሰድ።

ጊዜ፦ ዕለታዊ ዜና በየቀኑ ሰዓት ይወስዳል፤ ማጠቃለያው በአንድ ምሽት ያልቃል።

ትክክለኛነት፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን በመጠን 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ቱርክንና ሶሪያን ሲመታ፣ የማለዳው ዜና የሟቾችን ቁጥር በመቶዎች ነበር የተናገረው። በመጨረሻ ከ50 ሺህ በለጠ። የመጀመሪያውን ቀን ዜና ብቻ የሰማ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይቀራል፤ ማጠቃለያው ግን የረጋውን ያቀርባል።

ስሜት፦ በዚህ ዕለታዊው ይበልጣል። ኦገስት 19 ቀን የሩሲያዋ የጠፈር መንኮራኩር ሉና 25 ጨረቃ ላይ ተከሰከሰች። ከ4 ቀን በኋላ የሕንዱ ቻንድራያን 3 በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አቅራቢያ በሰላም አረፈ። የእነዚያን ቀናት ጭንቀትና ጉጉት የማጠቃለያው አንድ መስመር ሊመልሰው አይችልም።

አደጋ፦ ዕለታዊ ዜና ልብ ያደክማል፤ ማጠቃለያ ትልልቅ ጉዳዮችን ይዘነጋል። ኤፕሪል 15 ቀን ተቀስቅሶ ሚሊዮኖችን ያፈናቀለው የሱዳን ጦርነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲታለፍ ሳይ ያንገበግበኛል።

ቀንና ቁጥር ለሚፈልግ፣ ለፈተና ለሚዘጋጅም ማጠቃለያው ይበቃል። ዘመዱ ወይም ሥራው ክስተቱ ባለበት አገር የሆነ ሰው ግን ዕለታዊውን ሊተወው አይችልም። ጊዜ ያጠረው ሁለት ወይም ሦስት ጉዳዮችን መርጦ እስከ ፍጻሜያቸው ይከታተል፤ የቀረውን ከማጠቃለያው ይውሰድ። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።