ለሀዋሳ ቤተሰብ የትኛው ፎር ዊል ይሻላል? ሃርድ ቶፕ፣ ፕራዶ፣ ግራንድ ቪታራ ወይስ ጂምኒ

ሀዋሳ ሜዳ ናት። ከጥቁር ውሃ እስከ ሪፈራል፣ ከአሞራ ገደል እስከ አቶቴ ቢነዳ ሞተር የሚያስጨንቅ ዳገት አይገኝም። ዋናው መንገድ አስፋልት፣ የሰፈሩ ኮብልስቶን፣ የቀረው አቧራ ነው። ችግሩ የዘመድ ቤት ሜዳ ላይ አለመሆኑ ነው። ሁላ፣ ቡርሳ፣ በንሳ ዳዬ በኩል ከዋናው መንገድ ወጣ ሲባል ክረምት ላይ ቀዩ አፈር ሳሙና ይሆናል። ስለዚህ ሰው መኪና የሚመርጠው በዓመት እንደ ጳጉሜን አምስት ወይ ስድስት ቀን ለምትሆን ጭቃ ነው። የሚነዳው ግን አሥራ ሁለቱንም ወር ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስና ገበያ ለመሄድ ነው። አራቱን መኪኖች የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ምርጫው አገር ውስጥ ካለው ያገለገለ መኪና ነው። በዚህ ገበያ ከሞዴሉ ይልቅ አያያዙ ይበልጣል። የተጎሳቆለ ፕራዶ ከተጠበቀ ቪታራ አይሻልም፤ ደላላው የፈለገውን ቢል።

ከሃርድ ቶፑ፣ ከቶዮታው ላንድ ክሩዘር፣ እንጀምር። ጉልበቱ አይካድም። 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ቱርቦም የኢንጄክሽን ኮምፒውተርም የለውም፤ ዳዬ ላይ ቢቆም ዳዬ ላይ ይሠራል። ታይሚንግ ቤልቱን በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የቀየረለትን ሰው ብዙ አያስቸግረውም። ግን ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ነው፣ ባሌስትራው ደግሞ የተሠራው ለጭነት ነው። ሁለት ልጅና ሁለት የደብተር ቦርሳ ከምንም አይቆጥረውም፤ ኮብልስቶን ላይ ባዶውን ሲሄድ ኋላው እየነጠረ ነው። ዞሮ ለመመለስ ከ12 ሜትር በላይ ስፋት ስለሚፈልግ የሰፈር መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። ከኋላ ሰውን ፊት ለፊት በአግዳሚ የሚያስቀምጠው ረጅሙ ሃርድ ቶፕ ከሆነ ደግሞ ልጅ ይዞ ለመሄድ ጨርሶ አይሆንም። በግጭት ጊዜ በጎን የተቀመጠን ሰው ቀበቶ በወጉ አይዘውም፣ የልጅ መቀመጫም አይታሰርበትም።

ሌላም አለ፣ ይሄኛውን ብዙ ገዢ አያስበውም። ሃርድ ቶፑም ሆነ ጂምኒው ፎር ዊላቸው ሲያስፈልግ ብቻ የሚገባ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብታችሁ በጠባቡ ለመዞር ብትሞክሩ መኪናው ፍሬን እንደተያዘ ይንገራገጫል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መኪና ሲዞር የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ሰፋ ያለ ክብ ይሄዳሉ። ልዩነቱን የሚያካክስ መሃል ዲፈረንሻል ከሌለ አንዱ ጎማ መንሸራተት አለበት። ጭቃ ያንሸራትታል፣ አስፋልት ግን አይለቅም፤ ስለዚህ ጫናው ክሮቸራው (የማስተላለፊያው ዘንግ መገጣጠሚያ) እና ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) ላይ ያርፋል። በዚህ የተነሳ ሻሸመኔ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አርሶ አስፋልቱን ሲያሟልጨው፣ ሃርድ ቶፕ የያዘ ሰው የሚነዳው በሁለት የኋላ ጎማ ብቻ ነው። ፕራዶና ባለ አምስት በሩ ግራንድ ቪታራ ግን ሁልጊዜ በአራቱም ይነዳሉ፤ መሃል ዲፈረንሻል አላቸው፣ ጭቃ ሲመጣ ደግሞ በማብሪያ ይቆለፋል። ለቤተሰብ መኪና ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅም ይሄ ነው፤ የሚሠራው በጭቃው ቀን ሳይሆን በየዕለቱ ነውና።

ፕራዶ ስንል 150 የሚባለውን፣ በፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ የተመረተውን ነው። ፊቱ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስ፣ ኋላው አንድ ወጥ አክስል በሞላ ነው፤ ኮብልስቶኑን ከሃርድ ቶፑ እጅግ በተሻለ ይውጠዋል። ሦስተኛው ረድፍ መቀመጫ ያለው ከሆነ ሰባት ሰው ይጭናል፤ ግን ሦስተኛው ረድፍ ሲነሳ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ለሁለት ቦርሳ ነው፣ ቆጮና ሙዝ ይዞ መመለስ የለም። ዋናው ጥያቄ ሞተሩ ላይ ነው። ሰው ናፍጣ ካልሆነ አይልም። እኛ ሀዋሳ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ የምንመርጠው 2.7ቱን ቤንዚን ነው፤ ይህንም የምንለው ቀርፋፋነቱን እያወቅን ነው።

ምክንያቱ የከተማዋ ትንሽነት ነው። ትምህርት ቤቱ 3 ወይ 4 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ናፍጣ ሞተር በዚያ ርቀት በወጉ ሳይሞቅ ይጠፋል። ለ2.8ቱ ናፍጣ ይሄ የባሰ ነው፤ የጥቀርሻ ማጣሪያ ተገጥሞለት የመጣ ከሆነ ማጣሪያው የሚጸዳው ሞተሩ ሞቆ፣ መንገድ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ሳይቆም ሲነዳ ነው። ከፒያሳ አቶቴ የሚመላለስ መኪና ያንን ዕድል አያገኝም፤ ጥቀርሻው ይጠራቀማል፣ መብራት ይበራል፣ ጉልበት ይቀንሳል።

3.0ው ናፍጣ፣ 1ኬዲ የሚባለው፣ ሌላ በሽታ አለው። በእያንዳንዱ ኢንጄክተር ሥር ሳንቲም የማታክል የመዳብ ሮንዴላ አለች። ስትሳሳ ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው ጋዝ ወደ ላይኛው ክዳን ውስጥ ይገባና ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ቀስ በቀስም ወደ ሬንጅ ይለውጠዋል። ሬንጁ ወርዶ ዘይት ቋቱ ውስጥ ያለችውን ወንፊት ይዘጋል። ወንፊቱ ሲዘጋ ዘይት ወደ ቱርቦና ወደ ኩሽኔታው መድረሱን ያቆማል፤ ሞተሩ በአንድ ቀን የሚያልቀው ያኔ ነው። ለማወቅ፦ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ክዳኑን የሚያንሳፍፍ ትንፋሽ ካለ፣ ከክዳኑ ሥር ደግሞ ጥቁር ፍርፋሪ ከተጠራቀመ ወንፊቱ ሳይታይ አትግዙ። ሮንዴላ ርካሽ ነው፣ ኢንጄክተር በወረደ ቁጥር በአዲስ ይተካል። አሮጌዋን አጽድቶ የሚመልስ መካኒክ ካገኛችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉት። የ1ኬዲ ታይሚንግ ቤልት በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰ መኪና ላይ ግን ቁጥሩን ማመን ስለማይቻል ከገዙ በኋላ ወዲያው መቀየር ነው።

2.7 ቤንዚኑ ከእነዚህ አንዱም የለበትም። የሚያሳፍረው ዳገት ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ሀዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች፣ ወረቀት ላይ 163 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 135 ቢሆን ነው፤ መኪናው ደግሞ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ከ2,700 ሜትር በላይ የሆነችውን ሀገረ ሰላምን ሰባት ሰው ጭኖ ሲወጣ ማርሽ እየቀነሱ መታገስ ነው። ከተማ ውስጥ በሊትር ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ ይሄዳል የሚል ሻጭ የሚያወራው ስለሌላ መኪና ነው።

አራት ወይም አምስት ለሆነ ቤተሰብ ግን የእኛ ምርጫ ባለ አምስት በሩ ግራንድ ቪታራ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ2005 እስከ 2015 የተመረተው፣ ባለ 2.0 ወይም 2.4 ሊትሩ። ሰው እንደ ቀላል መኪና ያየዋል። ሥሩ ቢታይ ግን ከቦዲው ጋር የተዋሃደ ሻንሲ አለው፣ ለጭቃና ለዳገት የሚሆን ሎው የሚባል ዝግ ያለ ጉልበተኛ ማርሽም አለው። ክብደቱ 1.6 ቶን አካባቢ ስለሆነ የ2.0ው 140 የፈረስ ጉልበት ለእያንዳንዱ ቶን ሲካፈል ከፕራዶ 2.7 ይበልጣል፤ ዳገት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። አራቱም ጎማዎች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ኮብልስቶን ላይ ከአራቱ መኪኖች ምቹው እሱ ነው። 4.5 ሜትር ገደማ ርዝመቱ ፒያሳ ላይ ማቆሚያ ያገኛል። ከሥር 200 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው፤ ከፕራዶ ትንሽ ያንሳል፣ የከባድ መኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ ውስጥ ሆዱን ሊያስነካ ይችላል።

ሎው ለማስገባት መኪናው ሙሉ በሙሉ ይቆማል፣ ፍሬን ይረገጣል፣ ካምቢዮው ነፃ ማርሽ ላይ ይሆናል፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ማዞሪያ ይዞራል። እዚህ ላይ ልጅ ላለው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማዞሪያው ኤን የሚል ቦታም አለው፣ መኪና ለመጎተት የተሠራ ነው። ትራንስፈሩ እዚያ ላይ ከዋለ አውቶማቲክ ካምቢዮው ፒ ላይ ቢሆንም ጎማውን የሚይዘው ነገር የለም፣ መኪናው ይንከባለላል። መኪና ውስጥ የቀረ ልጅ የሚነካካው ደግሞ የሚዞረውን ነገር ነው። የእጅ ፍሬን ሳይያዝ አይወረድም።

የቪታራው ደካማ ጎን የታይሚንግ ሰንሰለቱ ነው። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ከተንኳኳ ማጥበቂያው ደክሟል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደክመው ዘይት ማነስ ነው፤ ይህ ሞተር ሲያረጅ ዘይት ይጠጣልና በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ መለኪያውን አውጥቶ ማየት ግድ ነው። ሁለተኛው የዲፈረንሻል መያዣ ጎማዎች ናቸው፤ ከሪቨርስ ወደ ፊት ሲገባ ከሥር ዱብ የሚል ድምፅ ከተሰማ አንዱ ተበጥሷል። የኋላው በር ስኮርት ጎማውን ተሸክሞ ስለሚውል ማጠፊያው ይላላል፤ ከፍታችሁ ወደ ላይ ብታነሱት መንቀሳቀስ የለበትም። ቪታራውም ፕራዶውም ጂምኒውም ኋላቸው ወደ ቀኝ የሚከፈት በር አላቸው፤ በቀኝ ነድቶ በቀኝ ለሚያቆም አገር የማይመች ነገር ነው። ከእግረኛ መንገዱ በኩል ዕቃ ለመጫን በሩን ዞሮ መምጣት፣ ከኋላ የተጠጋ ባጃጅ ካለ ደግሞ ጨርሶ አለመክፈት አለ።

ጂምኒ ቆንጆ ነው። ጭቃ ላይም ከሁሉም ቀላልና ደፋር ነው። የቤተሰብ መኪና ግን አይደለም። ባለ ሦስት በሩ አራት ሰው ብቻ ይይዛል፤ የኋላ መቀመጫው ሳይታጠፍ የዕቃ ቦታው 85 ሊትር ነው፣ አንድ የገበያ ዘንቢል። የልጅ መቀመጫ ለማሰር የፊቱን መቀመጫ አጥፎ ጎንበስ ብሎ መግባት በቀን አራት ጊዜ የሚደረግ ነገር አይደለም። 102 የፈረስ ጉልበቱ እዚህ 85 ገደማ ይሆናል፤ ከባቱ እስከ ሞጆ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ የጎን ነፋስ ሲመታው መሪውን በሁለት እጅ ነው። መሪው በ70 እና በ80 መካከል የሚርገፈገፍ ጂምኒ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ጎማውን ባላንስ አስደርጉ፣ ካልተሻለው የፊት አክስሉ ኩሽኔታዎችና ቴስቲናዎቹ (የመሪው ዘንግ ጫፎች) ናቸው። ባለ አምስት በሩ ጂምኒ ይሻላል፤ መቀመጫው ግን ያው አራት ነው።

የትኛውንም ብትገዙ ከመኪናው የማይተናነስ ጉዳይ ጎማ ነው። ለዘመድ ቤት ብሎ ጥርሱ የገዘፈ የጭቃ ጎማ ማስገባት በከተማ መጮህ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ መርዘምና ነዳጅ መጨመር ነው። መሃከለኛው፣ ኤቲ የሚባለው ይበቃል። ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019፣ 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ስድስት ዓመት ያለፈውን አትቀበሉ። ሁልጊዜ በአራቱ የሚነዳ መኪና ላይ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ መቀላቀል አይገባም፤ የዙሪያቸው ልዩነት መሃል ዲፈረንሻሉን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ነፋሱን ደግሞ ጎሚስታው በልማድ 40 ፒኤስአይ ያደርገዋል። በሹፌሩ በር በኩል ያለው ሠሌዳ ለባዶ ፕራዶ 30 አካባቢ ነው የሚለው። ኮብልስቶን ላይ ሾኩ ሞቷል ተብሎ የሚቀየረው ስንት ጊዜ ነፋስ በማብዛት ነው! ጭቃ ውስጥ ከተያዛችሁ ወደ 20 አውርዱት፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ አስፋልት ላይ ሳትፈጥኑ ሙሉት።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን፣ ቦሎው አለመቃጠሉን ሁሉም ያያል። ብዙ ሰው የማያየውን እንጨምር። ፎር ዊሉን በአፈር ላይ አስገብታችሁ ሎው ላይ 20 ሜትር ያህል ንዱት፤ ለዓመታት ያልገባ ትራንስፈር መቆጣጠሪያው ደርቆ ስለሚጣበቅ መብራቱ ብቻ እያብረቀረቀ ይቀራል። የዲፈረንሻሉን ዘይት መሙያ ቡሎን አስፈትታችሁ ጣት አስገቡ፤ ወተት የመሰለ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። መሪውን ጥግ አድርሳችሁ በቀስታ ዙሩ፤ ቀጭ ቀጭ ካለ የፊት አክስሉ መገጣጠሚያ አልቋል። በመጨረሻ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን አልፎ ወደ ሞተር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈትታችሁ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። የሀዋሳ አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ፊልትሮው በደንብ ካልገጠመ ወይም በኃይለኛ ነፋስ ሲጸዳ ከተቀደደ ያልፋል፣ ፒስተኑንና ፋሻውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ዋጋ ተደራደሩ። ቡናማ ሆኖ ከወጣ ቱቦውን መልሳችሁ እሰሩና ደላላውን አመስግናችሁ ሂዱ።