የተረት በር ለልጆች ሲከፈት፦ ስለ አንድ የፈጠራ ድራማ ትምህርት የተሰጠ አስተያየት

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆች በሳምንት አንድ ጊዜ ስለሚሰጥ የፈጠራ ድራማ ትምህርት ይህን አስተያየት የምጽፈው፣ ልጄ ትምህርቱን ስትከታተል ወላጆች ከክፍሉ ጥግ ተቀምጠው እንዲመለከቱ ይፈቀድ ስለነበር በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ትምህርቱ በአብዛኛው እጅግ የሚመሰገን ነው፤ በመጨረሻ የሚቀርበው ትርኢት ግን ከራሱ ከትምህርቱ ዓላማ ጋር ይጋጫል።

ብዙ ወላጆች የልጆች ድራማ ሲባል ቃለ ተውኔት ተሸምድዶ መድረክ ላይ የሚወጣበት ይመስላቸዋል። እዚህ ግን የተጻፈ ቃለ ተውኔት አይታደልም፤ ልጆቹ ታሪኩን እየኖሩት በዚያው ይፈጥሩታል። የድራማ መምህርቷ ዊኒፍሬድ ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ይህን አካሄድ ለትምህርት ቤቶች ሲያስተዋውቁ ዋናው ቁም ነገር ተመልካችን ማስደሰት ሳይሆን የልጁ ዕድገት እንደሆነ አጥብቀው ይናገሩ ነበር። እንግሊዛዊቷ የድራማ መምህርት ዶርቲ ሂዝኮት ደግሞ መምህሩ ራሱ ሚና ይዞ ወደ ታሪኩ እንዲገባ ያደረጉበት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የዚህ ክፍል ጥንካሬም ከዚሁ ዘዴ የሚመነጭ ነው።

በአንዱ ቀን የተሠራው ታሪክ የታናሽ ወንድሙን ምስጢር ለጓደኞቹ ስላወጣ ልጅ ነበር። መምህርቷ ታሪኩን እስከ መካከሉ ከተረኩ በኋላ ኮፍያ አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ኮፍያው ራሳቸው ላይ እስካለ ድረስ ምስጢሩን ያወጣውን ልጅ ይሆናሉ፣ ሲያወልቁት ደግሞ መምህርት ይሆናሉ። ልጆቹ መጀመሪያ እንደ ዳኛ ከበው ይወቅሷቸው ጀመር። መምህርቷ አንገታቸውን ደፍተው «ሁሉም ሲስቁ ደስ አለኝ» ብለው ሲመልሱ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያም አንድ ልጅ «ወንድምህ ሲያይህ አንተ ወዴት አየህ?» ብሎ ጠየቀ። ከወቀሳ ወደ እንዲህ ያለ ጥያቄ መሻገር በምክር ብዛት የሚገኝ ነገር አይደለም። በመቀጠል ልጆቹ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ቆሙና ልጁን የሚወክለው በመካከላቸው ሲያልፍ አንዱ ወገን ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ሌላው ዝም እንዲል በየተራ ምክንያት አቀረቡለት። በመጨረሻም ሁሉም የወንድማማቾቹን መገናኘት በአካላቸው ቀርጸው ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ፤ መምህርቷ ትከሻውን የነኩት ልጅ የያዘው ገጸ ባሕርይ በልቡ የሚያስበውን ይናገራል።

ታናሽ ወንድሙን የሆነችው ልጄ ተራዋ ሲደርስ «ተናድጄ አይደለም፤ አፍሬ ነው» አለች። ቤት ውስጥ ምን እንደተሰማት ስትጠየቅ የምትዘጋው ልጅ እፍረትን ከንዴት ለይታ ልትናገር የቻለችው የሚናገረው ሌላ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። ሚናው ለልጅ እንደ መጋረጃ ነው፤ ከጀርባው ሆኖ የራሱን ስሜት ሳይጋለጥ ይመረምራል። መምህርቷም ይህን ስለሚያውቁ «አንቺስ እንዲህ ደርሶብሽ ያውቃል?» ብለው መጋረጃውን አይገልጡም። በድራማ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና የራሱ ሥልጠና ያለው ሌላ ሙያ በመሆኑ ክፍሉን ወደዚያ አለመጎተታቸው ትክክል ነው። አንድ ልጅ በታሪኩ መካከል ባለቀሰ ጊዜ ኮፍያቸውን አውልቀው ጨዋታውን አቆሙ፤ ረዳታቸው ከልጁ አጠገብ ተቀመጠች፣ ለወላጁም የሆነውን ለብቻው ነገሩት።

የታዘብኳቸው ጉድለቶችም አሉ። የልጆቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ዝምተኞቹ ተራ ሳይደርሳቸው የሚወጡበት ቀን ተበራክቷል። ከዚህ የሚብሰው ግን ክፍሉን የሚጠብቅ ሌላ ትምህርት ስላለ ከታሪኩ በኋላ የሚደረገው ውይይት ብዙ ጊዜ መቆረጡ ነው። ልጅ ከሚናው ቀስ ብሎ ወጥቶ ያየውን በራሱ አንደበት የሚናገርበት ጊዜ ካልተሰጠው የተቀሰቀሰውን ስሜት እንደ ያዘ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ታሪኩ ማጠር ካለበት ይጠር እንጂ ይህ ጊዜ መነካት የለበትም።

ወደ ትርኢቱ ስመለስ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጆቹ በራሳቸው ያገኟቸው ንግግሮች ተመርጠው ይጻፉና እስኪሸመደዱ ድረስ ይደጋገማሉ። ሲጠይቁና ሲያመነቱ ያየኋቸው ልጆች ድምፃቸው እንዲሰማ ይጮኹ፣ ወላጅ ይስቅ እንደሆነም በዓይናቸው ይፈልጉ ጀመር። አዘጋጆቹ ትርኢቱን የሚጠይቁት ወላጆች መሆናቸውን ነግረውኛል፤ ልጅን መድረክ ላይ ማየት ደስ እንደሚያሰኝም አውቃለሁ። ሆኖም ወላጆችን ተራ የትምህርት ቀን ጋብዞ ከልጆቻቸው ጋር ሚና ይዘው እንዲጫወቱ ማድረግ ትምህርቱን ሳያጎድል ፍላጎታቸውን ያሟላል ብዬ አምናለሁ፤ ሐሳቡንም በጽሑፍ አቅርቤላቸዋለሁ። ልጄን ለሚቀጥለውም ዙር አስመዘግባታለሁ፤ ትርኢቱ እንደ አሁኑ የሚቀጥል ከሆነ ግን በመለማመጃዎቹ ሳምንታት እንደማትገኝ ከወዲሁ አሳውቄአቸዋለሁ።