በእጅ የሚያዝ ኔቡላይዘር ከአሥር ወር አገልግሎት በኋላ

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በቸርችል ጎዳና አቅራቢያ ካለ የሕክምና ዕቃ መደብር በእጅ የሚያዝ ኔቡላይዘር፣ ማለትም ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጉም ለውጦ በትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚያደርስ መሣሪያ፣ በ7,200 ብር ገዛሁ። መሣሪያው በጋውንም ክረምቱንም የደመራውንም ጭስ አብሮኝ አሳልፎ እነሆ አሥር ወር ሞላው፤ ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ካርቶኑን በከፈትሁበት ሳምንት እጽፈው ከነበረው በእጅጉ ይለያል። የንግድ ስሙን አልጠቅስም። ይኸው ዕቃ ልዩ ልዩ ስም ተለጥፎበት በሦስት መደብሮች ሲሸጥ አይቻለሁ፤ የምናገረውም በአመዛኙ ስለ አሠራሩ ጠባይ ነው።

አስም ያለብኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። መኖሪያዬ በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ሲሆን፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢያችን በተካሄደው ፈረሳና ግንባታ የተነሣው አቧራ ደረቴን ክፉኛ አስጨንቆት ቆይቷል። ቀድሞ የነበረኝ ኔቡላይዘር በኮምፕረሰር የሚሠራ፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ የማይነሣ ዓይነት ነበር። በኅዳር ወር አንድ ሌሊት አስሙ የተነሣብኝ መብራት በጠፋበት ሰዓት ሆነና፣ እናቴ ሻማ ይዛ፣ እኔ ቬንቶሊኔን (ሳልቡታሞል የሚባለውን ፈጣን ማስታገሻ) በስፔሰር፣ ማለትም ፓፉን ይዞ በሚያቆይ የፕላስቲክ መያዣ፣ እየሳብሁ፣ ጎሕ እስኪቀድ ተቀምጠን አደርን። ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። መሣሪያውን የገዛሁት ግን ያ ሌሊት እንዳይደገም ብዬ ነበር።

የሁለቱ አሠራር ፈጽሞ የተለያየ ነው። ኮምፕረሰሩ አየርን በጠባብ ቀዳዳ በኃይል እያስወጣ መድኃኒቱን ወደ ጉም ይለውጣል፤ በዚህም ምክንያት ይጮኻል፣ በመድኃኒት መያዣው ግርጌም አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። አዲሱ መሣሪያ ደግሞ በመያዣው አፍ ላይ ዓይን የማያያቸው በሺሕ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ወንፊት አለው። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚለጠጥና የሚኮማተር፣ ፒየዞ የሚባል ቁስ ይህን ወንፊት በሰከንድ ከ100,000 ጊዜ በላይ ያርገበግበዋል፤ ፈሳሹም በቀዳዳዎቹ እየተገፋ ጉም ሆኖ ይወጣል። ዋናው ቁም ነገር የጠብታዎቹ መጠን ነው፦ ከ1 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር የሆኑት ወደ ሳንባ ጠልቀው ሲገቡ፣ ከዚያ የሚተልቁት በአብዛኛው አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራሉ።

በጥቅም ረገድ የተባለው ሁሉ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ድምፁ ከሹክሹክታ አይበልጥም፤ እናቴ አጠገቤ ተኝታ ሳትነቃ መድኃኒቴን ወስጃለሁ። በስልክ ቻርጀር ይሞላል፣ አንድ ጊዜ ሲሞላም ለሰባት ወይም ለስምንት አጠቃቀም ይበቃኛል። 2.5 ሚሊ ግራም ሳልቡታሞል የያዘውን 2.5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ መጀመሪያ ላይ በአሥራ አንድ ደቂቃ ይጨርስ ነበር። በቦርሳ ኪስ ውስጥ ስለሚገባም ወደ ሥራ ይዤው እሄዳለሁ።

ችግሩ ሁሉ ያለው ወንፊቱ ላይ ነው፤ ሻጩም ስለ እሱ አንዲት ቃል አልነገረኝም። በመጋቢት ወር አሥራ አንዱ ደቂቃ አሥራ አራት ሆነ። በሰኔ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ፤ ጉሙም ሳስቶ እየተቆራረጠ ይወጣ ጀመር። ባትሪው ደክሟል ብዬ ሁለት ሳምንት በከንቱ ስቸገር ከቆየሁ በኋላ፣ በሠፈራችን ያለች አንዲት ፋርማሲስት መያዣውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ተመለከተችና፣ «በምንድን ነው የሚያጥቡት?» ብላ ጠየቀችኝ። በቧንቧ ውሃ ለቅልቄ በሶፍት እንደማደርቀው ነገርኋት። ሁለቱም ስሕተት ነበሩ። ውሃው ሲደርቅ የሚተወው ማዕድን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ሶፍቱም ብናኙን ይተዋል፣ ሲታሽም ወንፊቱን ይጎዳዋል። ከነዳጅ ማደያ የሚገዛውን የባትሪ ውሃ ልጠቀም ወይ ብላት፣ ለመኪና እንጂ ለሳንባ የተዘጋጀ አይደለም ብላ አጥብቃ ከለከለችኝ።

ከዚያ በኋላ የያዝሁት ልማድ ይህ ነው። መድኃኒቱ እንዳለቀ ጥቂት ኖርማል ሳላይን (የሕክምና ጨው ውሃ) ጨምሬ ለአንድ ደቂቃ ያህል አስነሣዋለሁ፤ መያዣውን ፈትቼ ከፋርማሲ በገዛሁት የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ አለቀልቀዋለሁ፤ ከዚያም ምንም ሳልነካው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍቼ በራሱ እንዲደርቅ እተወዋለሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ መመሪያው በሚያዘው መጠን በቀጠነ ነጭ ኮምጣጤ አጸዳዋለሁ። ይህ ሁሉ ቢሆንም የተጎዳው ወንፊት አልዳነም፤ በሐምሌ ወር አዲስ መያዣ በ2,900 ብር ገዛሁ፤ ያም የመሣሪያውን ዋጋ አርባ በመቶ ያህል ነው። ሻጩ በተገዛበት ቀን ይህን ቢነግረኝ ኖሮ ገንዘቤም የሰኔ ወር ትንፋሼም ይተርፍልኝ ነበርና፣ እስከ አሁን ያሳዝነኛል።

ወደ መያዣው ምን እንደሚገባም መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በቡና ሰዓት የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ለጉንፋን የሚያሹትን ዳማከሴ ጨምቄ እንድጨምርበት በቅንነት መክረውኛል፤ ሌላ ሰው ደግሞ የባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ እንዳደርግበት ነግሮኛል። ሁለቱም መግባት የለባቸውም። የቅጠል ጭማቂ ንጹሕነቱ አይታወቅም፣ ወንፊቱንም ይደፍናል፤ ዘይት ደግሞ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። በጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለሕመሙ ሐኪም ያዘዘለትን ካናቢስ ሳያቃጥል አሙቆ በሚያተን መሣሪያ ይወስዳል፤ ይህ በዚያ አገር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ የተፈቀደ ሲሆን በእኛ አገር ግን በሕግ የተከለከለ ነው። የእሱን መሣሪያና የእኔን ስናነጻጽር ሁለቱም መድኃኒትን ያለ ጭስ ወደ ሳንባ ለማድረስ የተሠሩ መሆናቸውን አስተውለን ነበር፤ ሆኖም የእሱ ለተክሉ፣ የእኔም ውሃ መሰል ለሆነ መድኃኒት ብቻ የተዘጋጁ ናቸው። ለሳንባ ያልተዘጋጀ ነገር መሳብ ምን እንደሚያመጣ አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. አይታዋለች፤ በአብዛኛው ከሕጋዊ መንገድ ውጭ የተሸጠ የካናቢስ ዘይት በኤሌክትሮኒክ ማተኛ በሳቡ ሰዎች ላይ በደረሰው የሳንባ ጉዳት፣ እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ ሆስፒታል የገቡትና የሞቱት በድምሩ 2,807 ሆነው ሲመዘገቡ፣ ከእነዚህ 68ቱ ሕይወታቸው አልፏል። ከጉዳቱ ጋር በጥብቅ የተያያዘውም ዘይቱን ለማወፈር የተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልምጣ። መሣሪያው በጣም ይመቻል፤ ምቾቱም ጎድቶኛል። ከኮምፕረሰሩ ጋር ሳለሁ ማውጣቱና መሰካቱ ስለሚያሰለቸኝ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ እጠቀም ነበር። ይህኛው ግን ከትራስ ሥር ስለነበር፣ ደረቴ ትንሽ ሲፉጭ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ሌሊት ሳል ሲነሣብኝ ወዲያው እጄ ይሄድበታል። በነሐሴ ወር ሐኪሜ ዘንድ ስቀርብ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምጠቀም ጠየቁኝ፤ አራት ወይም አምስት ጊዜ አልኋቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «መሣሪያው እየረዳዎት አይደለም፤ በሽታው መባባሱን እየሸፈነብዎት ነው» አሉኝ። ሳልቡታሞል የተጨመደደውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓታት ያላላል እንጂ ከሥር ያለውን ብግነት አይነካም። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ዐዋቂዎችና ጎረምሶች ፈጣን ማስታገሻን ብቻ እንዳይጠቀሙና በመተንፈሻ የሚወሰድ፣ ብግነትን የሚያበርድ ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት እንዲኖራቸው ያዘዘውም ለዚህ ነው። እኔ ከዚሁ ወገን የሆነውን፣ የታዘዘልኝን ቤክሎሜታዞን ከግንቦት ጀምሮ ትቼው ነበር። ጉሙን በዓይኔ ስለማየው የሚያድነኝ እሱ ይመስለኝ ነበር፤ ቤክሎሜታዞኑ ግን ሲወሰድ ምንም አይሰማም።

ሐኪሜ ሌላም ነገር አስረድተውኛል፦ ሕመሙ እጅግ ካልጠና በቀር ተራው ባለ ፓፍ ቬንቶሊን በስፔሰር ሲወሰድ ከኔቡላይዘር የማያንስ ውጤት አለው። ስፔሰር መግዛት ለማይችልም በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ጥናት፣ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ፣ በአግባቡ የተዘጋጀ ባለ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር ጋር የሚስተካከል ሆኖ አግኝቶታል። 7,200 ብር ከማውጣቴ በፊት ይህን ባውቅ ኖሮ መሣሪያውን አልገዛም ነበር ለማለት አልደፍርም፤ መጀመሪያ ግን የመከላከያ መድኃኒቴን አስተካክል ነበር።

ከነሐሴ ወዲህ ቤክሎሜታዞኑን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ፤ ኔቡላይዘሩም ከትራስ ሥር ወጥቶ ወደ ቁም ሣጥን ተዛውሯል። በመስከረም ወር የተጠቀምሁበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የደመራ ዕለት ማታ ከመስቀል አደባባይ በጭሱ ታፍኜ ስመለስ። በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ባትሪውን እሞላለሁ፣ ሁለት ሚሊ ሊትር ሳላይን ጨምሬም በሰዓት እየለካሁ እፈትነዋለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ በዘጠኝ ደቂቃ ጨረሰ። ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህንኑ ፈተና ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እዚያው መደብሩ ውስጥ ያስደርግ፤ መለዋወጫ መያዣ መኖሩንና ዋጋውንም ይጠይቅ። እኔ ሁለተኛ መያዣ አዝዣለሁ፤ በጥር ይገባል ብለውኛል።