ከ14 ወር በኋላ፦ የሶላር ፓነሌን የተሸከመው ሀዲድ

ሶላር ያስተከለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ዋት ነው?» ተብሎ ነው። በምን ታሰረ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም። እኔም ስገዛ አልጠየቅሁም። ከ14 ወር በኋላ ግን ጣሪያው ላይ ካለው ሁሉ በጣም የማስብለት እሱ ሆኗል።

ዕቃው ሁለት ረድፍ የአልሙኒየም ሀዲድ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በ12 እግር ቆሟል። በላዩ ስድስት ፓነል ጎን ለጎን ተደርድሮ በ14 መቆንጠጫ ተይዟል። ብሎኖቹ የማይዝግ ብረት ናቸው። ከእያንዳንዱ እግር ሥር የጎማ ንጣፍ አለ። ሀዲዱ እስካሁን አልጎበጠም፣ አልተበላም። ያስቸገረኝ አተካከሉ ነው።

በአራተኛው ወር ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ክብ ምልክት አየሁ። መሰላል አስጠግቼ ወጣሁ። አንዱ እግር የቆርቆሮው ቦይ ላይ ተበስቷል፤ ውሃ የሚወርደው ደግሞ በዚያው ነው። የቀሩት 11 እግሮች ጉብታው ላይ ስላረፉ ጠብ ያለባቸው የለም። ብሎኑን ልፈታ መፍቻ ሳወጣ በጣቴ ብቻ ዞረልኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ማገሩን ስቶ ስስ ቆርቆሮ ብቻ ይዞ ነበር የከረመው።

ሰው የሚፈራው ክብደቱን ነው። አንዱ ፓነል 22 ኪሎ ገደማ ነው፤ ደህና ጣሪያ ይችለዋል። የሚያሰጋው ከሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚያነሳው ንፋስ ነው። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ሁለት ካሬ ሜትር በሚሆን ፓነል ላይ የመቶ ኪሎ ሸክም ያህል ሊገፋ ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የጣሪያው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ደግሞ ይብሳል። ያ ሁሉ ጉልበት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ማገሩን በያዘችው ብሎን ላይ ነው።

እግሩን ነቅዬ ቀዳዳውን በማሸጊያ ደፈንኩት። ማገሩን ለማግኘት የቆርቆሮውን ሚስማሮች መስመር ተከተልኩ፤ ሚስማር የተደረደረበት ሥር ማገር አለ። ጉብታው ላይ በስቼ ሳጠብቀው ብሎኑ እንጨቱን ሲነክስ በእጄ ተሰማኝ።

በስድስተኛው ወር ሁሉንም ስፈትሽ ሦስት መቆንጠጫዎች ላልተው አገኘሁ። አልሙኒየም በሙቀት ይረዝማል። 6 ሜትር ሀዲድ በ40 ዲግሪ ልዩነት 5 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል፣ ማታ መልሶ ይሰበሰባል። በየቀኑ እንዲህ ሲሳብ ቀድሞ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ይላላል። አንዱን በትራፓኖ አጠብቃለሁ ብዬ ዳዶው ከብሎኑ ጋር ተጣብቆ ቀረ። የማይዝግ ብረት በፍጥነት ሲጠብቅ እንዲህ ይነካከሳል። ቆርጬ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ልኩን በሚያሳይ መፍቻ፣ በእጅ፣ ቀስ ብዬ ነው። ከልክ በላይ ማጥበቅም የፓነሉን ፍሬም ያጣምማል።

በዘጠነኛው ወር ኃይለኛ ንፋስ የነበረበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጣሪያውን ሳዳምጥ ነጋ። ጠዋት ወጥቼ እያንዳንዱን እግር ያዝ አድርጌ ነቀነቅኩ። ንቅንቅ ያለ የለም።

በፓነሉና በጣሪያው መካከል 12 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ። ወድጄዋለሁ፤ አየር ከሥሩ ስለሚያልፍ ፓነሉ በጣም አይግልም፣ የጋለ ፓነል ደግሞ ምርቱ ይቀንሳል። ቅጠል ግን ይሰበስባል።

ድጋሚ ብገዛ ያንኑ ሀዲድ ነው የምገዛው። ለማዕዘኖቹ የሚሆኑ ተጨማሪ ሁለት እግሮች ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ጣሪያው የሚደርቅበትን ቀን እየጠበቅሁ ነው።