ለታዳጊዎቹ ላይብረሪያን ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፦

ቅዳሜ ቅዳሜ ታዳጊዎችን አማርኛ የምናስተምርና የቤት ሥራ የምናግዝ በጎ ፈቃደኞች ነን። ዛሬ የምንጽፈው በአካባቢያችን የሕዝብ ላይብረሪ የታዳጊዎችን ክፍል የያዘችውን ላይብረሪያን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች አንጠቅሰውም። ሥራዋን ግን በዝርዝር እንናገራለን፤ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ላይብረሪ ሲባል የሚያስበው ጸጥ ያለ ማጥኛና ኮምፒውተር ብቻ ነውና። ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች መጽሐፍ መምረጥ ዋና ሥራው የሆነ፣ ለዚህም የሠለጠነ ሰው በነጻ እንደሚያገለግል የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከሁሉ በፊት የምናመሰግናት ልጁን ራሱን ስለምትጠይቅ ነው። እናት ቀድማ «ሳይንስ ይወዳል፣ ዶክተር መሆን ነው የሚፈልገው» ስትል በአክብሮት ታዳምጥና ፊቷን ወደ ልጁ ትመልሳለች። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» አትለውም። ማንበብ ያልለመደ ልጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለሌለው «አላውቅም» ብሎ ይዘጋዋል። እሷ የምትጠይቀው «በቅርቡ ሳይሰለችህ የጨረስከው ነገር ምንድን ነው? ፊልምም ቢሆን፣ ጌምም ቢሆን» ብላ ነው። ቀጥላ «ምኑ ነው የያዘህ?» ትላለች። ቁም ነገሩ ያለው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የእግር ኳስ ጌም የሚወድ ልጅ ሁሉ የእግር ኳስ መጽሐፍ አይፈልግም። አንዱን የሚስበው ተጫዋች መግዛትና ቡድን ማዋቀር ነው፤ ለእሱ የሚስማማው ዕቅድና ሴራ ያለበት ታሪክ ነው። ሌላውን የሚይዘው ከኋላ ተነስቶ ማሸነፉ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ልጅ የሚነሳበት ታሪክ ይመረጥለታል።

ይህ አካሄድ በላይብረሪያኖች ዘንድ የታወቀ ነው። በሲያትል የሕዝብ ላይብረሪ ለዓመታት የሠራችው ናንሲ ፐርል አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባው በአራት በሮች ነው ትላለች፦ በታሪኩ፣ በገጸ ባሕርያቱ፣ በቦታው ወይም በቋንቋው። ብዙ ጊዜ ልጁ መጽሐፉን የሚጠላው መጽሐፉ ስለከፋ ሳይሆን በማይሆነው በር እንዲገባ ስለተገፋ ነው። በገጸ ባሕርይ የሚገባን ልጅ 40 ገጽ ሙሉ አገር በሚያስጎበኝ መጽሐፍ ብትጀምሩት ይተወዋል፤ «ልጄ ማንበብ አይወድም» የሚባለውም ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ የምትሰጠው ሦስት መጽሐፍ ነው። አንዱ ልጁ ከተናገረው ጋር በቀጥታ የሚገጥም፣ አንዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ሦስተኛው ቀጭን ሆኖ በሁለት ቀን የሚያልቅ። የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ገጽ እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆሞ እንዲያነብ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ አትናገርም፣ ወላጅንም በእጇ ምልክት ዝም ታሰኛለች። ልጁ ገጹን ገልብጦ ሁለተኛውን ከቀጠለ መጽሐፉን ወስዷል ማለት ነው። ስለ እንግሊዝኛው ክብደት ደግሞ በጣት መቁጠርን ታስተምራለች፦ ከመሃል አንድ ገጽ ይከፈታል፣ ለማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ይታጠፋል። አምስቱም ጣት ገጹ ሳያልቅ ከታጠፈ መጽሐፉ ለብቻ ለማንበብ ይከብዳል፤ አንድም ካልታጠፈ ምናልባት ይቀላል። ይህም ቢሆን ልጁ በጣም ከፈለገው አትከለክለውም።

ወላጆች የምትቸገሩበት ሌላው ነገር ተጀምሮ የተተወ መጽሐፍ ነው። «የጀመርከውን ጨርስ» ብሎ ማስገደድ ለቤት ሥራ ይሆናል፣ በፍላጎት ለሚነበብ መጽሐፍ ግን ጉዳት አለው፤ ልጁ አንድ የጠላውን መጽሐፍ ለሁለት ወር ይዞ ሌላ አይጀምርም። ለዚህም የፐርል የ50 ገጽ ደንብ አለ፦ 50 ገጽ አንብቦ ካልሳበው ይተወው። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ አንባቢ ደግሞ ዕድሜውን ከ100 ቀንሶ የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ይሞክር ትላለች፤ ለእናንተም ይሠራል። ያልተነበበ መጽሐፍ ሲመለስ ይህች ላይብረሪያን ፊቷን አታጠቁርም። «የቱ ጋ ተውከው?» ብላ ትጠይቅና በመልሱ የሚቀጥለውን ትመርጣለች።

ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጡ ልጆች ያደረገችውን ለየት አድርገን ማመስገን እንፈልጋለን። የ15 ዓመት ልጅ እንግሊዝኛው ገና ነው ተብሎ የሕፃናት መጽሐፍ ሲሰጠው ያፍራል፤ እኩዮቹ እንዳያዩት ይደብቀዋል፣ ከዚያም ላይብረሪ መሄድ ይቀራል። እሷ ወደ ሕፃናት ክፍል አትወስደውም። በግጥም መልክ የተጻፉ ልብ ወለዶችን ታወጣለታለች። በገጽ ላይ ያለው ቃል ጥቂት፣ ነጭ ቦታው ሰፊ፣ ጉዳዩ ግን የእድሜው ነው። ታንሃ ላይ የተባለችው ደራሲ የጻፈችው «ኢንሳይድ አውት ኤንድ ባክ አጌን» እንዲህ ያለ ነው፤ በ1975 ከቬትናሟ ሳይጎን ወጥታ ከቤተሰቧ ጋር አላባማ የገባች ልጅ ታሪክ ሲሆን በ2011 በወጣቶች ዘርፍ ናሽናል ቡክ አዋርድ የተባለውን የአሜሪካ ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ነው። ቋንቋው የማይገባት፣ በክፍል የሚሳቅባት ልጅ ስለሆነች አዲስ የመጣ ልጅ ራሱን ያገኝበታል። ቅርጫት ኳስ ለሚጫወቱት የክዋሜ አሌክሳንደር «ዘ ክሮስኦቨር» አለ፤ እሱም በግጥም የተጻፈ፣ በ2015 ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሜዳሊያ የተሸለመ ነው።

በሥዕል የሚነገሩትን ግራፊክ ኖቭሎች «ካርቱን ነው» ብላችሁ ከልጆቻችሁ እጅ አትንጠቁ። የጂን ሉዌን ያንግ «አሜሪካን ቦርን ቻይኒዝ» በ2007 ለታዳጊዎች ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የፕሪንትዝ ሽልማት ሲያገኝ በዘርፉ የመጀመሪያው ግራፊክ ኖቭል ሆኗል፤ ስደተኛ ወላጆች ያሉት ልጅ በትምህርት ቤት ራሱን ለመቀየር ሲታገል የሚያሳይ ነው። ሥዕሉ ያልገባውን ቃል ስለሚያስረዳው ልጁ መዝገበ ቃላት ሳይከፍት ወደፊት ይሄዳል።

ትምህርት ቤት ስለሚልከው፣ የንባብን ክብደት ስለሚለካው የሌክሳይል ቁጥርም አንድ ነገር እንበል። ቁጥሩ የሚለካው የዓረፍተ ነገሩን ርዝመትና የቃላቱን ክብደት ነው። ስለ ይዘቱ የሚናገረው ነገር የለም። በአጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ስለ ጦርነት የሚተርክ ከባድ መጽሐፍ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። በተቃራኒው ቁጥሩ ከፍ ያለ መጽሐፍ ሁሉ ለልጁ አይጠቅምም። ስለ ይዘት ከተጨነቃችሁ፣ መጨነቃችሁም ያለ ነው፣ ቀጥታ ጠይቋት። የታዳጊዎች መደርደሪያ ለ12 ዓመቱም ለ17 ዓመቱም አንድ በመሆኑ «ልጄ 13 ነው፣ ፍቅርና ግድያ ምን ያህል አለበት?» ማለት ነውር የለውም። በላይብረሪያኖች የግምገማ መጽሔቶች ላይ መጽሐፉ ከ7ኛ ክፍል ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት የሚሆን እንደሆነ ስለሚጻፍ እሱን አይታ ትነግራችኋለች። የሌላ ሰው ልጅ እንዳያገኘው ብላ ግን መጽሐፉን ከመደርደሪያ አታነሳም፤ ውሳኔው የእያንዳንዱ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። የላይብረሪ ካርድ ለሜሪላንድ ነዋሪ በነጻ ነው። የማዘግየት ቅጣት በካውንቲው ላይብረሪዎች ቀርቷል፤ የጠፋ መጽሐፍ ግን ዋጋው ይጠየቃል። ከ20 በላይ ቅርንጫፎች ስላሉ እናንተ ሰፈር የሌለ መጽሐፍ ሌላ ጋ ሊኖር ይችላል። ሆልድ ብታደርጉ፣ ማለትም ብታስይዙት፣ ወደ ቅርባችሁ ያመጡላችኋል። ሆልድ ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ መጽሐፉ መጥቷል የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ የሚሄደው በካርዱ ወደተመዘገበው ኢሜይል ነው። ካርዱ ልጁ ትንሽ ሳለ በተከፈተ፣ አሁን ማንም በማያየው ኢሜይል ከሆነ መጽሐፉ መጥቶ ቀኑ ያልፍና ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ዛሬውኑ ኢሜይሉንና ፒኑን አሳድሱ። ያው ካርድና ፒን ሊቢ የሚባለውን አፕሊኬሽን ይከፍታል። ሊቢ ላይ የድምፅ መጽሐፍና ኢ-ቡክ በነጻ ይገኛል፤ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይመልሳል። እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ እሷ የምትመክረው የታተመውን መጽሐፍና የድምፁን ቅጂ አንድ ላይ ማውጣት ነው፤ እያዳመጠ በዓይኑ ይከተላል። ፊደል ለሚያምታታቸው ልጆች ደግሞ ሊቢ ውስጥ የጽሑፍ ቅንብሩ ላይ ለዲስሌክሲያ የተሠራ ፊደል አለ፣ መጠኑንም ማሳደግ ይቻላል።

ከመጽሐፍ ውጭ ያሉት ፕሮግራሞቿም ልጆቹ በእጃቸው የሚሠሩበት ነገር አላቸው። የወጣቶች አማካሪ ቡድን አለ፤ ክፍሉ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚያስፈልገው የሚመርጡት ታዳጊዎቹ ናቸው። እነሱ ካዘጋጁት አንዱ በወረቀት የተጠቀለለ መጽሐፍ ነው። ልጁ አንድ የወደደውን መጽሐፍ በቡናማ ወረቀት ይጠቀልልና ርዕሱን ሳይጽፍ ሦስት ፍንጭ ብቻ ይጽፍበታል፦ «ወንድማማቾች፣ ምሥጢር፣ መጨረሻው አይገመትም»። ጥንቃቄ የሚፈልገው ባርኮዱ ነው። ባርኮዱ ካለበት በኩል ወረቀቱ በመስኮት መልክ ተቆርጦ ክፍት ካልተተወ መጽሐፍ የሚወጣበት ማሽን አያነበውም፣ ልጁ መቅደድ ይገደዳል፣ ምሥጢሩም ያልቃል። ፍንጩን የሚጽፉት ልጆች ለመጻፍ ሲሉ መጽሐፉን ጨርሰው ያነባሉ። በሦስት ቃል አንድን ታሪክ ሳይገልጡ መጠቆም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጥሩ የድርሰት ልምምድ ነው።

የደረት ቁልፍ፣ ማለትም ልብስ ላይ የሚሰካ ክብ ባጅ፣ መሥሪያ ማሽኗም ተወዳጅ ናት። ሁለት ኢንች ከሩብ ስፋት ላለው ቁልፍ ወረቀቱ በ2.625 ኢንች ክብ ይቆረጣል፤ ትርፉ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ነው። ጽሑፍ እስከ ጠርዙ ከተጻፈ ታጥፎ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉ የብረት ሽፋኑ፣ በላዩ ሥዕሉ፣ በላዩ ስስ ፕላስቲኩ ነው፣ አንዴ ይጫናል፤ ከዚያ በሌላኛው በኩል መርፌ ያለበት ጀርባ ገብቶ ዳግም ይጫናል። ማሽኗ የምትነክሰው ሁለት ሽፋን ወይም ሁለት ፕላስቲክ ተጣብቀው ሲገቡ፣ ወይም ተራ ወረቀት ሳይሆን ወፍራም ካርቶን ሲሆን ነው። መርፌው ከሥዕሉ ጋር ካልተስተካከለ ቁልፉ ደረት ላይ አጋድሎ ይቀመጣል። የእኛ ተማሪዎች ስማቸውን በፊደል ጽፈው ሲሠሩ እሷ አማርኛ ባትችልም የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ጠይቃ መርፌውን አስተካክላላቸዋለች።

የሃይስኩል ልጆች ያሏችሁ ደግሞ የ75 ሰዓቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ሜሪላንድ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ለመመረቅ ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት፣ ከ1997 ተመራቂዎች ጀምሮ። በካውንቲያችን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች 75 ሰዓት ይፈለጋል፤ ከ5ኛ ክፍል ማብቂያ በኋላ ካለው ክረምት ጀምሮ መቆጠር ይችላል። ላይብረሪው ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው፤ መጽሐፍ ማደራጀት፣ የክረምት ንባብ መዝገብ ላይ ማገዝ፣ ትንንሾችን ማስነበብ። ሰዓቱ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው፦ ሥራው ቀድሞ የጸደቀ መሆኑ ሳይረጋገጥ ሲጀመር፣ ልጁ ስለ ሥራው መጻፍ የሚገባውን ባዶ ሲተወው፣ ወይም ፊርማው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሲቆይና የሚፈርመው ሰው ሲለወጥ። ወላጅ ለራሱ ልጅ ተቆጣጣሪ ሆኖ መፈረም አይችልም። ላይብረሪያናችን ልጆቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀኑንና ሰዓቱን በዝርዝር እንዲይዙ ታደርጋለች፣ ሥራው እንዳለቀም ወዲያው ትፈርማለች። የበጎ ፈቃድ ቦታና የዕድሜ መነሻ እንደ ቅርንጫፉ ስለሚለያይ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጠይቁ።

የምትሄዱበት ቀን ልጁ ራሱ ይናገር፤ እናንተ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። እንግሊዝኛ የሚከብደው ከሆነ አብራችሁ ቁማችሁ ልትተረጉሙለት ትችላላችሁ፣ መልሱን ግን አትቀይሩበት። ከትምህርት ቤት መልስ ባለው ሰዓት ክፍሉ ስለሚጣበብ ረጋ ብሎ ለመነጋገር ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል።

እኛ ከምንለጥፈው ምስጋና በላይ እናንተ በጽሑፍ የምትልኩት ይረዳታል። የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ በጀቱን የሚያቀርበው እስከ ማርች 15 ነው፣ ምክር ቤቱ በኤፕሪል የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅና ለምክር ቤት አባላችሁ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ፣ የታዳጊዎች ላይብረሪያን መሆኗን፣ ልጃችሁ ምን እንዳነበበና ምን ፕሮግራም ላይ እንደተሳተፈ ይኑርበት። «በጣም ጥሩ ናት» ከሚለው ይልቅ «ልጄ በዚህ ክረምት ይህን ያህል መጽሐፍ አነበበ» የሚለው ክብደት አለው። እንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብደው ወላጅ ቅዳሜ ወደ ክፍላችን ይምጣ፣ አብረን እንጽፋለን።