ለመንገደኛ የጓሮ ባለቤት፦ የበርሜል ጠብታ መስኖ ግምገማ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲተር ነኝ። ከሥራ ውጭ ሁለት ነገር እወዳለሁ፦ ጓሮዬንና መንገድን። ሥራው፣ ጓሮውና ጉዞው ሳይጣሉ አብረው እንዲኖሩ የረዳኝ ዕቃ ስላገኘሁ፣ እንደ እኔ ላለ ሰው ይጠቅማል ብዬ በዝርዝር ልጻፍ። ዕቃው በበርሜል የሚሠራ የጠብታ መስኖ ነው፤ የበርሜሉን ውሃ በቧንቧ ወስዶ በየተክሉ ሥር ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ በርሜሉና ቧንቧው ለከፈልኩባቸው ዋጋ ከበቂ በላይ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። አብሮ የሚሸጠው ታይመር፣ ማለትም ውሃውን በተሞላለት ሰዓት የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ግን ዓይነቱ ይለያያል፤ ሳትጠይቁ እንዳትገዙት።

መጀመሪያ ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ሁሉም ሰው የሚፈራው ሰኔን ነው፤ በጀት መዝጊያ፣ ማምሸት፣ ቅዳሜ መግባት። ለእኔ ጓሮ ግን ሰኔ ክፉ ወር አይደለም። ክረምቱ ስለሚገባ እኔ ቢሮ ባመሽም ሰማዩ ያጠጣልኛል። የሚከብደው ታህሳስና ጥር ነው። ዝናቡ ከወጣ ወራት ሆኖታል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቅጠል ያጠወልጋል። ገና በዋለ ማግስት የስድስት ወር ሪፖርት ይደርሳል፤ በክልል ያሉ ቅርንጫፎቻችንን ለማየት ሻንጣ ይዞ ጅማ ወይም ደሴ መውረድም በዚሁ ሰሞን ነው። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ አየሩ ጥርት ያለበት፣ መንገዱ የደረቀበት፣ አገር ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የማይገኝበት ወቅት። ጎመኑና ቆስጣው በየቀኑ ውሃ በሚሉበት ሰሞን ባለቤታቸው ቤት የለችም።

ስሄድ ስሄድ የግቢያችንን ዘበኛ አስቸግራቸው ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ «ሂጂ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ» ይሉኛል። ነገር ግን በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። እሳቸው ደግሞ ውሃው በመጣ ሰዓት ጎማውን ይዘው አንዱን መደብ ኩሬ ያደርጉታል፤ ሌላው ሳይደርሰው ውሃው ይሄዳል። የስልክ ጥሪው ደግሞ አለ። ጎንደር ላይ ታቦት ሲወርድ እያየሁ «ጋሼ፣ ውሃ መጣ እንዴ?» ብዬ መደወል ለእኔም ለእሳቸውም ድካም ሆነብን።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ካርቶኑ ውስጥ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ዋና ቧንቧ፣ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ማንጠባጠቢያ ያለው ቀጭን መስመር፣ ማጣሪያ፣ መክፈቻ፣ መገጣጠሚያዎችና ታይመር አለ። በርሜሉን ለብቻው መርካቶ ገዛሁት፤ 200 ሊትር የሚይዘውን ሰማያዊውን። እዚህ ላይ ሁለት ምክር አለኝ። ያገለገለ በርሜል የምትገዙ ከሆነ ምን ተይዞበት እንደነበረ ጠይቁ፤ የኬሚካል ከሆነ የሚበላ ነገር ለምታጠጡበት አይሆንም። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ በርሜልም ተዉት። ፀሐይ የገባበት ውሃ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበጅና ማንጠባጠቢያውን ይደፍነዋል።

ዋጋውን በሌላ ወጪዬ ልለካው፦ በርሜሉን ጨምሮ ሁሉም ነገር ሁለት ሰው ቢሾፍቱ አንድ ሌሊት አድሮ ከሚያወጣው ብዙም አልራቀም። አንድ ጊዜ ቢሾፍቱን ትቼ በጋውን ሙሉ ሌላ ቦታ እንድሄድ የሚፈቅድልኝን ዕቃ መግዛቴ ለእኔ አዋጪ ነው።

አሁን ታይመሩ። ስለዚህ ነገር የሚነግራችሁ ሻጭ ብዙ ስለማታገኙ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ የውሃ ታይመሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ውስጡ ስስ የላስቲክ ሽፋን አለው፤ ለመክፈትና ለመዝጋት የውሃውን የራሱን ግፊት ነው የሚጠቀመው። ሁለተኛው ትንሽ ሞተር አለው፤ ሞተሩ በውስጡ ያለችውን ቀዳዳ ያላት ኳስ እያዞረ ውሃውን ይለቃል፣ ይዘጋል። ልዩነቱ ከውጭ አይታይም፤ ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው፣ ሁለቱም ትንሽ መስኮት አላቸው። በርሜል ላይ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። የእኔ በርሜል የተቀመጠው በብሎኬት ላይ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ ውሃው ሊያልቅ ሲል 0.1 ባር ገደማ ነው፣ በርሜሉ ሲሞላም ከ0.2 ባር አይበልጥም። ባለ ላስቲክ ሽፋኑ ታይመር ካርቶን ላይ ደግሞ ቢያንስ 0.5 ባር እንደሚፈልግ ተጽፏል።

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የቀረበልኝ ይኸው ባለ ሽፋኑ ነበር። «ይሄ ለበርሜል ይሆናል?» ስለው ሻጩ «እህቴ፣ ሁሉም አንድ ነው፤ ውሃ ውሃ ነው» አለኝ። ካርቶኑን አዙሬ ቁጥሩን አሳየሁት። አየው፣ ዝም አለ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ አወረደልኝ፤ «ግፊት 0» የሚል የተጻፈበት፣ ባለ ኳሱ። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፤ ጨምሬ ወሰድኩት። ቁጥሩን ሳያነብ የወሰደ ሰው ቤቱ ገብቶ ውሃው ጠብ ሳይል ሲቀር «ጠብታ መስኖ አይሠራም» ብሎ ይተወዋል፤ ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ዕቃው ይሠራል።

ሌላ ልብ የሚባል ነገር፦ የታይመሩ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት እንዲጀምር ከፈለጋችሁ 6 ብላችሁ ሙሉት። መመሪያው በአማርኛ የለም፤ ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። አገራችን ገብቶ የሚሸጥ የእርሻ ዕቃ አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ቢኖረው ምን ነበረበት?

ገጥሜ እንደጨረስኩ ያደረግሁት ነገር ሁላችሁም ብታደርጉት ጥሩ ነው። የቡና ሲኒዎች አውጥቼ አንዷን ከበርሜሉ አጠገብ ካለው ማንጠባጠቢያ ሥር፣ አንዷን መሃል፣ አንዷን መጨረሻው ላይ አስቀመጥኩ። ጠብታዋ ቀስ ብላ ነው የምትወርደው፤ ትሞላለች፣ ትንጠለጠላለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲኒዎቹ ሞልተው ፈሰው ስለነበር የሻይ ብርጭቆ አመጣሁና እንደገና ለካሁ። መጨረሻው ላይ ያለው ከመጀመሪያው ትንሽ በልጦ ነበር። ግቢዬ ተዳፋት ስላለው መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ከመዘርጋት ይልቅ ተዳፋቱን አግድም እንዲያቋርጡ አዙሬ ዘረጋኋቸው፤ ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። በእኔ ግፊት አንድ ማንጠባጠቢያ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይሰጣል።

ሂሳብ የምወድ ሰው ነኝና ቀጠልኩ። ሁለት መደቦች አሉኝ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር በ5 ሜትር፤ በድምሩ 10 ካሬ። በእያንዳንዱ መደብ ሁለት መስመር፣ ማለትም 20 ሜትር ቧንቧ፣ 66 ገደማ ማንጠባጠቢያ። በሰዓት 33 ሊትር ይሆናል። በበጋ ፀሐይ አትክልት በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ብላችሁ ብታስቡ፣ 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ስለሆነ፣ ለ10 ካሬ በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ነው። ታይመሩን ጠዋት 45 ደቂቃ፣ ማታ 45 ደቂቃ ሞላሁት። እንዲህ ከሆነ 200 ሊትር በርሜል ለአራት ቀን ይበቃል። ለቅዳሜና እሁድ ጉዞ ከበቂ በላይ ነው።

ለረጅም የቅርንጫፍ ኦዲት ግን አይበቃም። ለዚያ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቼ በርሜሉን ከሮቶው ጋር በተንሳፋፊ መዝጊያ አገናኘሁት፤ በርሜሉ ሲጎድል ከሮቶው ይሞላል፣ ሲሞላ ራሱ ይዘጋል። ፈረቃው ሌሊት ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፣ በርሜሉም አብሮ። መደቡ ላይ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዣለሁ፤ አፈሩ ከሥሩ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ አረሙም ይቀንሳል።

ጉድለቶቹን ሳልደብቅ ልዘርዝር። ማጣሪያው በየሳምንቱ መታጠብ አለበት። ውሃ ከፈረቃ በኋላ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ነው፤ ያ ደለል በቀጥታ ወደ ማንጠባጠቢያው ከሄደ ይዘጋዋል። የየመስመሩን ጫፍ አልፎ አልፎ ከፍታችሁ ውሃው ጠራርጎ እንዲወጣ አድርጉ። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ደግሞ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይጠብቃችኋል፤ በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩት ዓይነት፤ ኮምጣጤ ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ ይረዳል። መገጣጠሚያዎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ቀን ፀሐይ ሲመታቸው ይላላሉ፤ ትርፍ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ባትሪ ድንጋዮቹን ደግሞ ከረጅም ጉዞ በፊት ቀይሩ።

ለሁሉም ተክልም አይሆንም። ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለቲማቲም፣ ለቃሪያ ግሩም ነው፤ እያንዳንዱን ግንድ ከማንጠባጠቢያው አጠገብ ትተክላላችሁ። እንደ ካሮት ዘሩ ተበትኖ ለሚዘራ ነገር ግን እስኪበቅል ድረስ በማጠጫ ማጠጣት ግድ ነው፤ ጠብታው በመሃል ያለውን አፈር አያዳርሰውም። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ይህን ያህል ውሃ አይፈልጉም፤ እነሱን ከመስመሩ አውጥቼ ዳር ተክያቸዋለሁ። ውርጭን በተመለከተ አይረዳም፤ ለውርጭ ማታ ማልበስ ነው።

ያተረፍኩት ምንድን ነው? ጥር ላይ ወንጪ ሄድኩ። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለችው ይህች የእሳተ ገሞራ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ የገባችው ያለ ምክንያት አይደለም። በጀልባ ሐይቁ ውስጥ ባለችው ደሴት ወዳለው የቂርቆስ ገዳም ተሻገርኩ፣ በፈረስ ወጣሁ፣ ማንም ዘንድ አልደወልኩም። ገበሬዎቹ ቤት አጠገብ ቆሜ እንሰቱን አየሁ፤ ጓሮው ከበሩ ይጀምራል፣ የከብቱ ፍግ ከቤት ወጥቶ በቀጥታ ሥሩ ላይ ይደፋል። እንዲህ ያለ ነገር ማየት ለእኔ የጉዞው ግማሽ ነው። መናገሻ ሱባም ስሄድ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የዚያ ጫካ ጥድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል፤ በእነዚያ ግንዶች ሥር መሄድ ችግኝ ለሚተክል ሰው ጉልበት ይሰጣል።

እናቴ «ሞተር ካጠጣልሽ ታዲያ አንቺ ምኑን ተከልሽው?» አለችኝ። አክብሬ ነው የሰማኋት፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ በጣሳ ያጠጣች ሴት ናት። ግን አልስማማም። ከሥራ በድካም ገብቼ በጨለማ ጎማ ስጎትት ተክሌን አላየውም ነበር። አሁን ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስወጣ አፈሩ ረጥቧል፤ ያለችኝን ጥቂት ጊዜ የጎመኑን ቅጠል እየገለበጥኩ አባጨጓሬ እለቅማለሁ፣ ቲማቲሙን እደግፋለሁ፣ የደረቀ ጽጌረዳ እቆርጣለሁ። ቢሮ ስገባ እጄ አፈር አፈር ይሸታል፣ ቀኑ እንዴትም ይከብድ ደስ ብሎኝ እጀምረዋለሁ። ይህን ሰዓት የሰጠኝ ይኸው ዕቃ ነው።

ሁልጊዜ ቤት ለሚውል ሰው ወይም ጥቂት የሸክላ ማሰሮ ብቻ ላለው አያስፈልገውም፤ ገንዘቡን ለጥሩ አፈርና ኮምፖስት ያውለው። ግቢ ኖሮት ለሥራም ለጉዞም ለሚወጣ ሰው ግን ሳላመነታ ግዛ እላለሁ። ሱቅ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ታይመሩ ባለ ኳስ ነው ወይስ ባለ ላስቲክ ሽፋን? ማጣሪያው ተከፍቶ ይታጠባል? ትርፍ መገጣጠሚያ ለብቻው ትሸጣላችሁ? ሦስተኛውን «የለም» ካሏችሁ ሌላ ሱቅ ሞክሩ። ክረምት ሲገባ ደግሞ መስመሮቹን ጠራርጋችሁ፣ ውሃቸውን አፍስሳችሁ፣ ጠቅልላችሁ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ስቀሏቸው። ባትሪዎቹንም አውጡ፤ ታይመሩ ውስጥ ከከረሙ ይፈሳሉ።