«ስምንት ዳይቭ» ተብሎ የተሸጠልኝ ሦስት ዳይቭ

ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ሄዳችሁ ለመጥለቅ ወይም በስኖርክል፣ ማለትም በመተንፈሻ ቱቦ ውሃው ላይ እየዋኛችሁ፣ ኮራል ለማየት እያሰባችሁ ከሆነ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ መጀመሪያ ላክሁ፣ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ተመሳሳዩን ፓኬጅ በሌላ ስም የሚሸጡ ሞልተዋል፣ ደሴቷም የትም ልትሆን ትችላለች። የሚጠቅማችሁ የተበላሁበትን መንገድ ማወቁ ነው።

ማስታወቂያው እንዲህ ይል ነበር። አራት ሌሊት፣ አምስት ቀን። ስምንት ዳይቭ፣ ማለትም ስምንት ጊዜ መጥለቅ። ከክፍላችሁ በር ላይ የሚጀምር ሪፍ፣ የኮራል ቋጥኝ ማለት ነው። ጀልባ፣ ምግብ፣ ዕቃ፣ ኢንሹራንስ፣ ሁሉም ያለበት። ግማሹ ክፍያ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በዋትስአፕ የሚያወራን ሰው ደግሞ ሲበዛ ተጫዋች ነው። አንድ ጥያቄ ስትጠይቁት ሦስት የሳቅ ምልክትና አንድ የዔሊ ፎቶ ይልካል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እሱ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ኦፕን ዋተር የሚባለውን ኮርስ ጨርሻለሁ። እስከ 18 ሜትር ያስጠልቃል። ታናሽ እህቴ ጎበዝ ዋናተኛ ናት፣ ጠልቃ ግን አታውቅም። ሁለታችንም ስምንት የምትለዋን ቁጥር ስናይ ዋጋውን ለእሷ አካፈልነው፣ እያንዳንዱ ዳይቭ በጣም ርካሽ ሆነ። እስቲ ስምንቱ የት እንደገባ አብረን እንቁጠር።

የመጀመሪያው ዳይቭ የተያዘው በደረስንበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አውሮፕላናችን ያረፈው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ፓስፖርት፣ ሻንጣ፣ ጀልባው እስኪሞላ ጥበቃ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ባሕር ላይ። ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ የጠላቂዎቹ ጀልባም ታጥቦ ታስሯል። የበረራ ሰዓታችንን ከሦስት ሳምንት በፊት ልከንላቸው ነበር። እንደማንደርስ ያውቃሉ። ሰባት ቀረ።

የመጨረሻው ዳይቭ ግን ከማታለልም ያለፈ ነው። የተያዘው በምንመለስበት ቀን ጠዋት ነው። ከውሃ የምወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ አውሮፕላኑ የሚነሳው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። መሃሉ 6 ሰዓት ብቻ ነው።

ለማያውቀው ሰው ምንም አይመስልም፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ውሃ ውስጥ የምንተነፍሰው የታመቀ አየር ነው። በጠለቅን ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም ወደ ደማችንና ወደ ሥጋችን ሟሙቶ ይገባል። ስንወጣ ቀስ እያለ በትንፋሽ ይወጣል። ይህ በደቂቃ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፣ ሰዓታት ይፈልጋል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ላይ እንደመቆም ያህል ዝቅ ይላል። ናይትሮጅኑ ሳይወጣ ግፊቱ ከቀነሰ፣ ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ያማል። ነርቭ ላይ ከሆነ እግር ሊደነዝዝ፣ ሽባ ሊያደርግም ይችላል።

ለዚህ ነው ዳን በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ምክሩን በቁጥር ያስቀመጠው። አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ከበረራ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት። በቀን ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት። ወደ ላይ ሲወጣ መሃል ላይ የግድ ቆም የሚባልበት ጥልቅና ረጅም ዳይቭ ላደረገ ደግሞ ከ18 ሰዓትም በጣም የረዘመ። ብዙዎች ነገሩን ቀለል ለማድረግ ሙሉ 24 ሰዓት ይጠብቃሉ። በስኖርክል ውሃው ላይ ብቻ ለሚዋኝ ሰው ይህ ጣጣ የለም፣ የሚተነፍሰው ተራ አየር ነው።

ይህን የትኛውም የመጥለቂያ ማዕከል ያውቃል። በመጀመሪያው ኮርስ የሚማሩት ነገር ነው። ታዲያ በመመለሻው ቀን ጠዋት ዳይቭ የሚሸጥላችሁ ሰው ከሁለት አንዱን ነው የሚያስበው። ወይ እንቢ ትላላችሁ፣ እሱም ያልሰጠውን ዕቃ ሸጠ ማለት ነው። ወይ እሺ ትላላችሁ፣ ቀሪው የእናንተ ዕዳ ነው። እኔ እንቢ አልኩ። ገንዘቤን ስጠይቅ «ራስህ ነህ የተውከው» ተባልኩ። ስድስት ቀረ።

ሦስተኛው ቀን ወደ «ታዋቂው ግድግዳ»፣ ውሃ ውስጥ ቁልቁል ወደሚወርደው ገደል ነበር። ሁለት ዳይቭ። ጀልባው ላይ ስለ ቦታው ሲያስረዱን ጥልቀቱ 30 ሜትር እንደሆነ ሰማሁ። እኔ እስከ 18 ነኝ። መሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ከእኔ አጠገብ አትራቅ እንጂ ምንም የለም» አለኝ።

የለም እንዴ? 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው አራት እጥፍ ነው። የያዝነው አየርም በአራት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። ናይትሮጅኑ እንደ መጠጥ ጭንቅላት ላይ የሚወጣባቸው ሰዎችም አሉ፣ ሲደርስባቸው ደግሞ አያውቁትም። 30 ሜትር የሚያስጠልቀው ቀጣዩ ደረጃ፣ አድቫንስድ የሚባለው ነው። የደረጃ ካርዴን ፎቶ ቀብድ ስከፍል ልኬላቸው ነበር! መፍትሔ ብለው ያቀረቡልኝም እዚያው አድቫንስድ ኮርስ በተጨማሪ ክፍያ እንድገዛ ነው። ጀልባው ላይ ተቀምጬ ሌሎቹ የተነፈሱት አረፋ ወደ ላይ ሲወጣ እያየሁ ዋልኩ። አራት ቀረ።

አራተኛውን ነፋስ ወሰደው። ለነፋሱ ማንንም አልከስም። ግን ወሩ ነፋስ የሚበዛበት እንደሆነ፣ በዚያ ወር የደሴቷ አንዱ ጎን ለጀልባ እንደማይመች፣ የተሰረዘ ዳይቭም እንደማይመለስ ሳልከፍል ሊነገረኝ ይገባ ነበር። የዋጋው መርከስ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። የትም ብትሄዱ ወሩን አጣሩ። ለምሳሌ የታይላንድ ሲሚላን ደሴቶች ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ በፈረንጆች አቆጣጠር ጭራሽ ለጎብኚ ዝግ ናቸው። የማሌዥያዋ ሲፓዳን ላይ ደግሞ በቀን የሚገባው ሰው በፈቃድ የተቆጠረ ነው፣ ደሴቷ ላይ ማደሪያም የለም። ስለዚህ «የሲፓዳን ፓኬጅ» የሚል ሲሸጥላችሁ፣ ፈቃዱ በስማችሁ ለስንት ቀን እንደተያዘ ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

እነሆ ሦስት። ሦስቱ ቆንጆ ነበሩ፣ አልዋሽም። ዔሊዋንም አየኋት።

ወደ እህቴ ልምጣ። ለእሷ የተሸጠላት «የአንድ ቀን ላይሰንስ» ነው። እንዲህ ያለ ነገር የለም። በአንድ ቀን የሚሰጠው ሙከራ ነው። አስተማሪ እጃችሁን ይዞ፣ ብዙውን ጊዜ ቢበዛ እስከ 12 ሜትር ያስጠልቃችኋል፣ አልቋል። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ የምታሳዩት ካርድ አይወጣበትም። እውነተኛው ኮርስ ንባብ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ልምምድ፣ የዋና ፈተናና አራት የባሕር ዳይቭ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ቀን ይወስዳል።

እሷ ግን ሙከራውም አልደረሳት። ጠዋት ወደብ ላይ የጤና መጠይቅ ሰጧት። አስም ኖሮብሽ ያውቃል ወይ ይላል። በልጅነቷ ነበረባት፣ አዎ ብላ ሞላች። አዎ ካላችሁ የሐኪም ፊርማ ያስፈልጋል፣ ትክክልም ነው። ደሴቷ ላይ ግን ሐኪም የለም። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ «አይደለም ብለሽ ብትሞዪ ይሻልሽ ነበር» አላት። እህቴ ብዙ አትቆጣም፣ ያን ቀን ግን ተቆጣች። ገንዘቡ አልተመለሰም። መጠይቁ የትም የሚገኝ የሁለት ሦስት ገጽ ወረቀት ነው። ከክፍያ በፊት አስልካችሁ ሙሉት፣ ሐኪማችሁንም ቤታችሁ ሳላችሁ አሳዩት።

እንግዲህ ቢያንስ ስኖርክል አለ አልን። በር ላይ የሚጀምር ሪፍ አይደል የተባለው?

በር ላይ የሚጀምረው አሸዋ ነው። ከአሸዋው ቀጥሎ የባሕር ሣር። ከሣሩ ቀጥሎ ጉልበት የሚያህል ውሃ። ሪፉ ራቅ ብሎ ነጭ ሞገድ የሚሰበርበት ጋ ነው፣ በዓይን ግምት 400 ሜትር። ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው ለመዋኘት አይበቃም፣ በእግር ልሂድ ብትሉ ኮራል ትረግጣላችሁ፣ ኮራሉ ይሰበራል፣ እግራችሁም ይቆረጣል። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው ፍሰት ብቻውን ለሚዋኝ ሰው አያስተማምንም። በጀልባ እንውሰዳችሁ አሉ። በክፍያ።

ይህን ግን ቤቴ ተቀምጬ ማየት እችል ነበር፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የሳተላይት ካርታ ክፈቱ። ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ፈዛዛ ውሃ ሰማያዊው ሰፍቶ ከታየ አሸዋማና ጥልቀት የሌለው ነው። ወደ ደማቅ ሰማያዊ በድንገት የሚቀየርበት መስመር የሪፉ ጠርዝ ነው። ከክፍሉ እስከዚያ መስመር ያለውን ርቀት ካርታው ራሱ ይለካላችኋል። ስልክ ለያዘ ሰው የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት።

ፎቶዎቹንም አትመኑ። ውሃው ለሳምንታት ከለመደው የበጋ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ኮራል ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ላይ የዓለም አራተኛው ሰፊ የኮራል መንጣት መከሰቱ ተረጋግጧል። ከዚያ በፊት የተነሳ ፎቶ ዛሬ ስለምታዩት ነገር አያረጋግጥም። የዚህን ዓመት ቪዲዮ ጠይቁ። እኛ ያየነው ሪፍ ግማሹ ግራጫ ነበር።

ስለ «ሁሉም ያለበት» አጭር ነው። የባሕር ፓርክ መግቢያ አልተካተተም። የጀልባ ነዳጅ ጭማሪ አለ። ዕቃ ውስጥ ጥልቀትና ሰዓት የሚቆጥረው የመጥለቂያ ኮምፒውተር የለበትም፣ እሱ ለብቻው ይከራያል። እያንዳንዱ ጠላቂ ደግሞ የራሱን መያዝ አለበት። ስናጠቃልለው ከዋናው ዋጋ ሲሶ ያህል ጨመርን።

ኢንሹራንሱን ግን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ወረቀቱን አሳዩኝ ስል የመጣልኝ ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ፣ ደቃቅ ፊደል ላይ፣ በአየር ሲሊንደር መጥለቅን አይሸፍንም ይላል። ያ ከአረፋው የሚመጣው ሕመም ቢይዛችሁ የሚታከመው በግፊት ክፍል ውስጥ በኦክስጅን ነው። ትናንሽ ደሴቶች ላይ ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ የለም። በጀልባ ወይም በአውሮፕላን ነው የምትወሰዱት፣ ሂሳቡ ደግሞ አይጣል ነው። ጀልባው ላይ የድንገተኛ ኦክስጅን አለ ወይ ብዬም ጠየቅሁ። አለ አሉ። ሳጥኑ አለ። ከፍቼ ጠቋሚውን ሳየው ዜሮ ላይ ነው።

ስለዚህ አሁን ለማንም ቀብድ ከመላኬ በፊት አንድ መልእክት እልካለሁ። የበረራ ሰዓቴ ይኸው፣ ዳይቮቹን በቀንና በሰዓት ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ከመጨረሻው እስከ በረራዬ ስንት ሰዓት እንደሆነም ጻፉ። የእያንዳንዱ ቦታ ጥልቀት ስንት ነው? ያልተካተተው ክፍያ ምን ምን ነው? እናንተ ስትሰርዙ ምን ይመለሳል፣ እኔ በጤና ምክንያት ስከለከልስ? አስተማሪው የትኛው ማሠልጠኛ ዘንድ በምን ቁጥር ተመዝግቧል? ቅርቡ የግፊት ክፍል የት ነው? ጥሩ ማዕከል ይህን በአንድ ቀን ይመልሳል፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የሳቅ ምልክት ከመጣላችሁ ተዉት።

ክፍያውን በካርድ አድርጉት። እኔ በባንክ ያስተላለፍኩት በግለሰብ ስም ለተከፈተ ሂሳብ ነው። ባንኬን አስመልስልኝ ስለው፣ ፈርመህ የላክኸውን ገንዘብ ተቀባዩ ካልፈቀደ አንመልስም አለኝ። በካርድ ቢሆን ኖሮ ያልተሰጠኝን አገልግሎት ጠቅሼ የምከራከርበት መንገድ ነበር። ከሁለት ወር ጭቅጭቅ በኋላ የላኩልኝ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚያገለግል ቅናሽ ነው።

ትናንት ማስታወቂያቸውን ደግሜ አየሁት። ዋጋው ቀንሷል። ዔሊዋም አለች። አራት ሌሊት፣ አምስት ቀን፣ ዘጠኝ ዳይቭ።